ግብዓት

አርሲ ያደገ ሰው «ግብዓት» ሲባል ቀድሞ የሚታየው ጆንያ ነው። ዳፕና ዩሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ የአረም መድኃኒት። በልጅነታችን አሰላ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሲገናኙ፣ የእግዜር ሰላምታው ካለቀ በኋላ የሚጠየቀው «ግብዓት ገባ?» ነበር። ከዘገየ ፊት ይጠቁራል፤ ከገባ ደግሞ ዕዳው ይታሰባል። እናላችሁ፣ ባለፈው መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «መምህር፣ ስለ ወንዝ ዳርቻ ልማት ከማኅበረሰቡ ግብዓት እየሰበሰብን ነው፤ የእርስዎም ግብዓት ያስፈልገናል» ሲለኝ፣ ለአፍታ ያህል ሃምሳ ኪሎ ተሸክሜ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሜ ታየኝ።

ልጁን ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት አንደኛ ዓመት ላይ ነው፤ ሁሉም ተማሪ ተገዶ የሚወስደው ኮርስ ስለነበር በፍቅር የተማረው አይመስለኝም። ኋላ የከተማ ፕላን አጥንቶ አሁን አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። የትኛውን ከተማ ልታለሙ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ገና ነው መምህር፤ ለመካከለኛ ከተሞች የሚሆን መነሻ ሰነድ ነው። እርስዎ የአሰላ ልጅ ስለሆኑ…» አለኝ። የወንዜ ልጅ መሆኔ መሆኑ ነው እንግዲህ ለወንዝ ጉዳይ ያሳጨኝ። በኢሜይል ቅጽ ላከልኝ። ስድስት ገጽ።

ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ግን ስለዚያ የመጀመሪያው ግብዓት ትንሽ ላውጋችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው፣ አሰላን ማዕከሉ ያደረገ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። በእንግሊዝኛው ምኅጻር «ካዱ» ተባለ። (ስዊድኖቹ ይህ ቃል በአማርኛ ሲነበብ ምን እንደሚል የነገራቸው ሰው ነበረ ወይ እያልኩ እስከ ዛሬ እገረማለሁ።) ካዱ ለአነስተኛ ገበሬ ተብሎ የመጣ ነው። ማዳበሪያውም ብድሩም የተሻሻለው ስንዴም የታሰበው ለጭሰኛው ነበር። ስንዴው አማረ። ስንዴው ሲያምር ግን ባለርስቱ መሬቱን በአዲስ ዓይን ማየት ጀመረ። ትራክተር ገዛ፣ ትራክተሩ ደግሞ ጭሰኛ አይፈልግም። በመቶና በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ ከጭላሎ አውራጃ መሬት ተፈናቀለ። የድርጅቱ ባለሙያዎች ራሳቸው ነገሩን እያዩ ጽፈዋል፣ ተቆጭተዋል፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ግን ያቆመው አልነበረም። የእኛ አገር ሽማግሌዎች ይህንን ሲያወሩ ስንዴውን አይረግሙም። «ስንዴው ጥሩ ነበር፤ እኛ ነን የሌለንበት» ነው የሚሉት።

አሁን ወደ ወንዙ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ወንዞችን ዳርቻ የሚያለማ «ሸገርን ማስዋብ» የተባለ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። ከእንጦጦ ተራራ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፣ ወጪው 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ። ግንቦት 11 ቀን ደግሞ አንዱ ሰው 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ የሚቀመጥበት «ገበታ ለሸገር» ተዘጋጀ፤ ያኔ እኛ ሰፈር ሰዉ ሁሉ ራት በበላ ቁጥር «ይሄ ስንት ያወጣል?» እየተባባለ ይስቅ ነበር። በጳጉሜ 2012 የመጀመሪያው ትልቅ ፓርክ ተመረቀ፤ እንጦጦም ተከተለ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማት የሚባለው መጣና የወንዝ ዳርቻውን ሥራ ይዞ ሄደ። ከአዲስ አበባም አልፎ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ።

እኔ ከሚያላግጡት ወገን አይደለሁም። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ቁርጡሜ እያልን የምንጠራቸው ወንዞች ምን ሆነው እንደነበር አውቃለሁ። አፍንጫ ይዞ መሻገር ነበር። ግንፍሌ ስሟ ራሱ እንደሚናገረው ክረምት ላይ ገንፍላ ቤት ስትገባ፣ ይዛ የምትገባው ውሃ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ከእንጦጦ ወደ ፒኮክ በሚወርደው ዳርቻ በተሠራው መንገድ አመሻሽ ላይ በእግሬ እሄዳለሁ። ዛፍ አለ፣ መቀመጫ አለ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያወሩ ወጣቶች አሉ። ደስ ይለኛል። ደስ ሲለኝ ግን አንዲት ሴትዮ ትዝ ትለኛለች፤ እሷን ሳልነግራችሁ ቅጹን መሙላት አልችልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ የትኛው ከተማ፣ የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይቅር። የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ለምክክር ተጠርተን አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። የታሸገ ውሃ ታደለን። ፕሮጀክተር በራና ሥዕል ታየን። እንዴት ያለ ሥዕል መሰላችሁ! ወንዙ ሰማያዊ፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ፣ ሰዎች በወረቀት ኩባያ ቡና ይዘው ይንሸራሸራሉ፣ አንዱ ውሻ ይጎትታል። እኔ የድሮ መምህር ስለሆንኩ ሥዕል ሲያሳዩኝ የሌለውን መፈለግ ልማዴ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሥዕል ውስጥ ጀሪካን የያዘ ሰው አንድም አልነበረም። ልብስ ያሰጣም የለም። ጉልት የለም። እኛ የተሰበሰብነውም የለንበትም።

ከዚያ «አስተያየት» ተባለ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ እጅ የሚያወጡት ሦስት ሰዎች አወጡና ፕሮጀክቱ ዘግይቷል እንጂ ድሮ መጀመር ነበረበት አሉ። አራተኛው እኔ ነበርኩ። ስለ ወንዝና ሥልጣኔ፣ ስለ ዓባይ፣ ስለ ግጥም ተናገርኩ፤ አማርኛዬ አምሮ ነበር፣ ተጨበጨበልኝም። ቀጥላ አንዲት ጉልት የምትቸረችር ሴትዮ ተነሳች። «እኔ የምጠይቀው ስለዚያች እንጨት ድልድይ ነው። ትነሳለች ወይስ ትኖራለች? የልጄ ትምህርት ቤት ማዶ ነው» አለች። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ ወንዝ የሚያሻግር ሐሳብ አምጡ እንጂ!» አላት።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሴትዮዋ እኮ የጠየቀችው ወንዝ ስለመሻገር ነበር! በስብሰባው ላይ ወንዝ የሚያሻግር ሐሳብ ያመጣች እሷ ብቻ ነበረች። ይህ የገባኝ ግን ቤቴ ስገባ ነው። አዳራሹ ውስጥ እኔም ስቄያለሁ። ቃላትን ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ አንድ ፈሊጥ በአንዲት እናት ላይ ሲገለበጥ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ድልድይቱ ተነሳች። ኋላ አዲስ ድልድይ ተሠራ፣ በጣም ያምራል፣ ማታ ማታ ያበራል፤ ከድሮው ግን ሩቅ ነው፤ ሴትዮዋም ያኔ ከሰፈሩ ወጥታ ነበር። ኮንዶሚኒየም ደርሷት ይሁን ተከራይታ፣ የጠየቅኋቸው ሁሉ የሚያውቁት የለም። እድሩ ራሱ ፈርሷል፤ ማንን ልጠይቅ?

ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ የመመከር መብት አላቸው ይላል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ በአካባቢ ጉዳይ ላይ ይደግመዋል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ፣ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ስለ ልማቱ ዓይነትና ጥቅም ይመከሩ ብሎ ነው የወጣው። አንድ ዓመት! በአንድ ዓመት ውስጥ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ያዘዋውራል፣ የእድር ገንዘቡን ይካፈላል፣ ለእናቱ ይነግራል። አዋጁ መሬቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ የሚል በር ትቷል። እኛ አገር ደግሞ አስቸኳይ ያልሆነ ነገር አይቼ አላውቅም።

ቅጹ ውስጥ «የሌሎች አገሮች ተሞክሮ» የሚል ክፍል ስለነበር ሴኡልን አነበብኩ። በእነሱ አቆጣጠር ከ2003 እስከ 2005 መሐል ከተማ ላይ ከወንዝ በላይ ተሠርቶ የነበረውን የመኪና መንገድ አፍርሰው፣ ቾንግየቾን የተባለውን ወንዝ ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ገልጠው አወጡት። ዓለም ሁሉ ሄዶ ያየዋል። የከተማው አስተዳደር ከዳርቻው ነጋዴዎች ጋር ከ4 ሺህ ጊዜ በላይ ተገናኝቻለሁ ይላል። እኔ አንድ ጊዜ ተሰብስቤ ውሃ ጠጥቼ የወጣሁ ሰው ይህንን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ግን እዚያም ቢሆን ነገሩ ወለላ አልነበረም። የዜጎች ኮሚቴ አቋቁመው ነበር፤ የጥንቱ ድልድይና ቅርስ ጉዳይ ላይ የሚሰማን አጣን ብለው ከአባላቱ ብዙዎቹ ሥራው ሳያልቅ ለቀቁ። ከሁሉ የደነቀኝ ግን ውሃው ነው። ያ ወንዝ የሚፈሰው በየቀኑ 120 ሺህ ቶን ያህል ውሃ ከሌላ ቦታ፣ በአብዛኛው ከሃን ወንዝ፣ በሞተር እየተሳበ ነው። ዳርቻው የወንዝ፣ ውሃው የቧንቧ።

ይህ ነገር አላስተኛ አለኝና፣ ቅጹን አጥፌ በቦርሳዬ ይዤ በጥቅምት አጋማሽ አሰላ ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ነው። አዳማን አልፋችሁ፣ ዴራን፣ ኢተያን፣ ጎንዴን ስትወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ስንዴው በግራም በቀኝም ሊወረዛ እያለ ነው። ጭላሎ ደመና ተከናንቦ ይቀበላችኋል። ከዚያ ተራራ የሚወርደው ውሃ ነው አሰላን አሰላ ያደረጋት፤ አሸበቃን የመሰሉ ወንዞች ከደጋው ተነስተው ወደ ከታር ይገባሉ፣ ከታር ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ። እኛ ቤት ጀርባ የምታልፈው ግን ከእነዚህ አንዷ ለመባል የማትበቃ ጅረት ናት። ስም ቢኖራትም ስትጠራ አልሰማሁም፤ «ወንዙ» ነው የምንላት።

እህቴ ነች አሁን በአባታችን ቤት የምትኖረው። ከእኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች። ቡና እያፈላች ሳለ ቅጹን አውጥቼ አነበብኩላት። «ባለድርሻ አካላት፦ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ባለሀብቶች…»

«የላይ ሰፈሮችስ?» አለችኝ።

«እነማን?»

«የላይ ሰፈሮች ናቸዋ! የሚለቁብን እነሱ፤ እኛ ደግሞ ለታቾቹ። እነዚህን ሳይጠሩ ስለ ምን ሊያወሩ ነው?»

እውነቷን ነው። ወንዝ ዳር ያለው ሰው የሚሰበሰበው በቀበሌ ነው፤ ወንዙ ግን ቀበሌ አያውቅም። የአዲስ አበባው ውሃ አቃቂ ላይ ጎመን ያጠጣል፣ አባ ሳሙኤል ይተኛል፣ አዋሽ ይሆናል። የአሰላው ደግሞ ዝዋይ ዳር አሣ የሚያጠምደው ሰው ጀልባ ሥር ይደርሳል። ያንን ሰው በየትኛው አዳራሽ ይጠሩታል?

ቀጥሎ የጠየቀችኝ ደግሞ ስለ ሴቶቹ ነበር። ልጆች ሳለን፣ ዝናብ በዘገየበት አንድ ክረምት፣ የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ርጥብ ሣር ጨብጠው፣ እየዘመሩ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አይተናል። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ነገር ግን ያቺን በትር የያዙ ሴቶች መሐል ከገቡ የሚጋደል ወንድ እንኳ እጁን ይሰበስባል። እናታችን ያን ዕለት ከደጃፍ እንዳንወጣ ከልክላን በአጥር ቀዳዳ ነበር የምናየው። ሴቶቹ ወንዙ ዳር ተቀምጠው ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ፣ ለመኑ፣ መረቁ። በዚያው ወንዝ አርብ አርብ ወደ መስጊድ የሚሄዱ አባቶች ውዱእ ያደርጉበታል፤ ከተራ ሲደርስ ደግሞ እኛ እንጠርገዋለን። ማንም ማንንም አስፈቅዶ አያውቅም፣ ሁሉም ግን ሰዓቱን ያውቃል። ዛሬ ውዱእ የሚያደርግበትም የለም። ውሃው አይነካም።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሜታዊ ሆኜ መናገር ጀምሬ ነበር መሰለኝ። ያችው የአዳራሹ አማርኛዬ መጣች። ወንዛችን፣ ትዝታችን፣ ምናምን። እህቴ ሁለተኛውን እየቀዳች ዝም ብላ ስታዳምጠኝ ቆየችና፦

«እዚያ ወረቀት ላይ ወንዙን ያበላሸው ማነው የሚል ጥያቄ የለም?» አለችኝ።

«የለም።»

«ጻፍበት እንግዲህ። ቱቦውን ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ረስቼው ቢሆን በወደድኩ። በ1983 ክረምት፣ መንግሥት ተለዋውጦ ጠያቂም ተጠያቂም በሌለበት ሰሞን፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቼ ከአባቴ ጋር ከሽንት ቤታችን እስከ ወንዙ ድረስ ቦይ ቆፍረን የሲሚንቶ ቱቦ ቀብረናል። ሦስት ቀን ፈጀብን። መዳፌ ተላልጦ ነበር። ስንጨርስ አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ብዙ የማያመሰግን ሰው ስለነበር በጣም ኮራሁ። በማግስቱ ጎረቤታችን መጥቶ አየና እሱም ቀበረ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቀበረ። እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ስለ ወንዞች መበላሸት አወራሁ፤ አንዳንዴም እዚህ አምድ ላይ።

እህቴን ቤቱን ትለቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ከወንዙ 15 ሜትር ቢሉ 30 ሜትር ቢሉ እኛ ቤት ውስጥ ነው የሚያርፈው። «ውሃው ይጥራ እንጂ ለምን እለቃለሁ?» አለች። ከዚያ ደግሞ «ውሃው የሚጠራው እኔ ስለቅ ከሆነም ይንገሩኝ። ግን ይንገሩኝ። ሥዕል አያሳዩኝ» አለች። ይህችን ቃል በቃል ቅጹ ላይ ጻፍኳት። የተሰጠው ቦታ ሁለት መስመር ስለነበር ወደ ጎን ዞረች።

ከዚያ በኋላ ቱቦውን ይዘን ቁጭ ማለቱ አሳፈረኝ። ለሰነድ ግብዓት እየሰጠሁ ለወንዙ ደግሞ ሌላ ግብዓት እየለቀቅሁ! ደረቅ ሴፕቲክ እናስቆፍር፣ ሲሞላ በመኪና እናስመጥጥ፣ ቱቦውን እንድፈነው ብዬ ከእህቴ ጋር ተስማማን። ኅዳር ሲገባ ተመልሼ ሄድኩና ሁለት ቆፋሪዎች ቀጠርን። የመጀመሪያው ቀን ጥቁሩ አፈር እየተዛቀ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ጉድጓዱ ከአንድ ሰው ቁመት ትንሽ እንዳለፈ፣ ከውስጥ የአካፋው ድምፅ ተለወጠ። ጭቅ ጭቅ ይል ጀመር።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልጁ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ከዚህ ወዲያ አይኬድም» አለኝ። «ከላይ ነው እንጂ ግቢያችሁ፣ ሥሩ የወንዙ ነው። የፈለጋችሁበት ብትቆፍሩ ይሄው ነው።»

ያኔ ነው አባቴ ለምን ቱቦ እንደቀበረ የገባኝ። እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ቆፍር ሲለኝ ቆፈርኩ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ለካ የድሮው ጉድጓድ ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ እህቴ ታስታውሰዋለች። የሚሄድበት መስመር ደግሞ ከተማው ያኔም አልነበረውም፣ እኛ ሰፈር ዛሬም የለም።

እህቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከጎኔ ቆመች። ውሃው ንጹሕ ነበር፤ ሰማዩ ይታይበታል። ብዙ ሳትናገር ቆየችና «እነዚያ ሰዎች መጥተው ስብሰባ ሲጠሩ ይሄንን ትናገራለህ?» አለችኝ።

«እናገራለሁ» አልኳት።

«እኔም እመጣለሁ» አለች። ከዚያ ለቆፋሪዎቹ ምሳ ልታቀርብ ገባች።